«ልጄ፣ ፊልሙ መቼ ነው?»

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ፔዳ ግቢ ባዮሎጂ ተምሬ ሁለት ዓመት አስተማርኩ። ከዚያ ለቀቅኩና በእቁብ ብር ካሜራ ገዛሁ። አሁን አራት ዓመቴ ነው፤ በግሌ ስለ ሳይንስ አጫጭር ፊልሞች እሠራለሁ። ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ የሚሆኑ። ደንበኞቼ ተመራማሪዎችና ፕሮጀክቶች ናቸው። ሥራው ሲጠፋ ሰርግ እቀርጻለሁ። እውነቱን ለመናገር የቤት ኪራዬን የሚከፍልልኝ ጥር ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ፕሮጀክት ስለ ጣና ነጭ ዓሣ ፊልም አሠራኝ። ዓሣው በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ ወንዝ እንደሚገባና እዚያ እንቁላሉን እንደሚጥል የሚያሳይ ነው። ከባለሙያው ሌላ አንድ ዓሣ አስጋሪ አስፈለገኝ። ስማቸውን አልጽፍም። ሐይቁ ዳር ሁሉም «አያ» ነው የሚላቸው፤ እኔም አያ ልበላቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ይሆናል። እስከ ዛሬ በደንገል ታንኳ ነው የሚወጡት።

ሦስት ቀን አብረን ዋልን። ሁለቱን ቀን እዚሁ፣ ሦስተኛውን በፕሮጀክቱ ጀልባ ጉማራ ወንዝ አፍ ድረስ ሄደን። በወጣትነታቸው ያሰግሩ የነበረው እዚያ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከር አደረጉና ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት። አሸተቱ። «ጉና ላይ ሌሊቱን ሲብለጨለጭ አደረ። ውሃው አፈር አፈር ይላል። ዓሣው አውቋል፤ ዛሬ ይወጣል» አሉኝ። ካሜራዬ ይቀርጽ ነበር። ገና አልነጋም፤ ፊታቸው በግማሽ ነው የሚታየው። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ነገር ቀርጬ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ቅንብር ሳሳይ ባለሙያው «ዓሣ መብረቅ አይቶ ነው የሚወጣው ልንል ነው? ይኼ ሳይንስ አይደለም፤ አውጪው» አለኝ። ቀሪው ክፍያዬ የሚወጣው በእሱ ፊርማ ነው። የሁለት ወር ኪራይ ነበረብኝ። አወጣሁት። ከአያ የቀረው አራት ሰከንድ ነው። ጀርባቸው፣ ታንኳ ሲገፉ። ፊልሙ ጥቅምት ላይ አንድ አዳራሽ ውስጥ ታየ፤ ተጨበጨበ፤ ተከፈለኝ።

አያ ግን ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ ፊልሙ መቼ ነው?» ይሉኛል። «ገና ነው አያ» እላለሁ። ሰባት ወር ሙሉ «ገና ነው» አልኩ። ለልጆቻቸው ነግረዋል። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው መንገድ ላይ አስቁማ «አያቴ ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣው መቼ ነው?» አለችኝ። አሁን በጊዮርጊስ በኩል ወደ ወደቡ መውረድ ትቻለሁ። ዞሬ ነው የምሄደው።

ይባስ ብሎ ያው ፕሮጀክት በመጪው ክረምት ሁለተኛ ፊልም ሊያሠራኝ ነው። ክፍያው ከፊተኛው ይበልጣል። ባለሙያው «ያን ሽማግሌ ደግሞ አምጫቸው፤ ለምስል ያምራሉ» ብሏል። በሌላ በኩል አንድ መሥሪያ ቤት በቪዲዮ ባለሙያነት ሊቀጥረኝ ይፈልጋል፤ የወር ደመወዝ አለው። እናቴ «ግቢና እረፊ» ትላለች። ምን ላድርግ? ልቀጠር ወይስ ፊልሙን ልቀበል? ስለ አያስ? ጥፋተኛ ነኝ ወይ?

ዞራ የምትሄደው፣ ከባሕር ዳር»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ደመወዙ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው። ስለ አያ እጅ ግን ውሃው ለእኔም እስኪሸተኝ ድረስ ጻፍሽ። ስለዚህ እኔም ከእሳቸው ልጀምር። ደመወዙ ይደርሳል።

ጥፋተኛ ነኝ ወይ ላልሽው፣ በመቁረጥሽ አይመስለኝም። ሦስት ቀን ቀርጾ አምስት ደቂቃ የሚያወጣ ሰው መቁረጡ የማይቀር ነው። ኪራይ ነበረብሽ፤ ፊርማው የሰውዬው ነበር፤ ብቻሽን ነበርሽ። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አወጣው ነበር፤ ምናልባትም ካንቺ ፈጥኜ። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። «ገና ነው አያ» ያልሽ ቀን። ያኔ ግማሽ ውሸት ነበረች። አሁን ሰባት ወር ሞላት፤ አድጋለች።

ይቺን ዞሮ መሄድ አውቃታለሁ። ዱሮ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ በትርፍ ሰዓቴ ዝግጅት እሠራ ነበር። ሸክላ የሚሠሩ አንዲት እናት አነጋገርኩና «ዓርብ ማታ ይተላለፋል» አልኳቸው። ሐሙስ ዕለት አለቃዬ ሰዓት ጠበበ ብሎ አወጣው። እሳቸው ዓርብ ማታ ጎረቤት ጠርተው፣ ቡና አፍልተው፣ ሬዲዮውን ከበው ቁጭ ብለዋል። ይኼን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ አልኩ። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲያ መዘግየቴ ራሱ ሌላ ሀፍረት ሆነብኝ። አልሄድኩም። ዛሬም ገበያ ውስጥ ማሰሮ ተደርድሮ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። እንግዲህ ምክር የሚሰጥሽ ሰው ይኼ ነው፤ እያወቅሽ ተቀበይ።

አሁን ወደ ዓሣው። ባለሙያው «ሳይንስ አይደለም» ያላት ነገር አላስተኛችኝም። እሱን ልወቅስ ፈልጌ አይደለም። በአንድ ነገር ልክ ነው፤ ፊልሙ «ዓሣ መብረቅ አይቶ ይወጣል» ብሎ ቢደመድም ኖሮ እኔም ከእሱ ጎን እቆም ነበር። ግን አያ ያሉትን እስቲ እንደገና እንስማው። ጉና ላይ አብለጨለጨ። ውሃው አፈር አፈር አለ። ዓሣው ይወጣል። ጉማራ የሚነሣው ከጉና ተራራ ነው። ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ሐይቁ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ብልጭታው ግን በሌሊት ከሩቅ ይታያል። ነጭ ዓሣ ደግሞ ወንዝ የሚገባው ክረምት ሲሆን፣ ወንዙ ሲሞላ ነው። ይኼንን ራሱ ባለሙያው ፊልምሽ ላይ ሳይናገረው አይቀርም። እንግዲህ አያ መብረቁን ያነሡት ምክንያት ነው ብለው ይሁን ምልክት ነው ብለው እኔ አላውቅም። አንቺስ ጠየቅሻቸው? ባለሙያውስ ጠየቃቸው?

ሽታውም እንዲሁ። ዓሣ ውሃ ያሸታል። ሳልመን የሚባለው ዓሣ ዓመታት ባሕር ላይ ኖሮ የተወለደበትን ወንዝ መልሶ የሚያገኘው በሽታ እንደሆነ በሙከራ የታወቀ ነው። ነጭ ዓሣ የጉማራን አፈር ያሸታል ወይ? ይኼ ጥያቄ ነው፤ ደስ የሚል ጥያቄ። አንድ አዛውንት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በመዳፋቸው አነሡት፣ እኛ ቆርጠን ጣልነው።

ያ እጅ የፊልሙ መጀመሪያ መሆን ነበረበት ባይ ነኝ። መዳፍ፣ ውሃ፣ አፍንጫ። አስር ሰከንድ፣ ያለ ሙዚቃ። ከዚያ ትረካው «አያ ዓሣው ዛሬ ይወጣል ብለዋል። እስቲ እንይ» ይላል። ቀጥሎ ባለሙያው ይመጣል። ያቺን ጥቁርና ነጭ የተቀባች ክብ ሳህን በገመድ ወደ ውሃ ይለቃታል፤ ከዓይኑ የምትጠፋበትን ጥልቀት አንብቦ ይጽፋል። ባዮሎጂ ተምረሻልና ታውቂያታለሽ። አያ በአፍንጫ፣ እሱ በሳህን፣ ሁለቱም የውሃውን መደፍረስ ነው የያዙት። ተመልካቹ ይኼን ራሱ ያየዋል፤ ትረካ አያስፈልገውም። ሁለቱ የማይስማሙበት ካለም አለመስማማታቸው ፊልሙ ላይ ይቅር። ምን ይጎዳል?

አደራ፣ አያ ስለተናገሩ ብቻ እውነት ነው እያልኩሽ አይደለም። ሽማግሌ ሁሉ ባለ ምስጢር የሚሆንበት ፊልም ሰልችቶኛል። ክራር ከበስተጀርባ፣ ፀሐይ መግቢያ ላይ ታንኳ፣ ቀስ እያለ የሚሄድ ምስል፣ ከዚያ አንድ ተረት። አያ ሊሳሳቱ ይችላሉ። እንደ ማንኛውም ሰው ሊጠየቁ፣ ሊከራከሯቸው ይገባል። የተከለከሉት ያንን ነው፤ ለክርክር እንኳ አልቀረቡም።

አንድ ነገር ደግሞ ላንሣ፣ ከጉዳያችን ትንሽ ወጣ ብዬ። እምቦጭ በጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ወዲህ ሐይቁ ዳር ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ አረንጓዴውን ምንጣፍ ቀርጾ ይሄዳል። ይገባኛል፣ ትልቅ ችግር ነው። ግን ከምንጣፉ ሥር ያለውን ማን ቀረጸው? ጣና ውስጥ የነጭ ዓሣ ዘመዶች 15 ገደማ ዓይነት ናቸው፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ተመራማሪዎች የሐይቁን ወለል ጭቃ ቆፍረው እንዳነበቡት ጣና ከ15 ሺህ ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ ደርቆ ነበር ለማለት ይቻላል። እንደገና ሲሞላ ነው ይኼ ሁሉ ዓይነት ሐይቁ ውስጥ የተለያየው ተብሎ የሚታመነው። ግማሽ ያህሎቹ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ መንጋጋቸው ላይ ግን ጥርስ የለም፣ ጥርሳቸው ጉሮሮ ውስጥ ነው። እኔ ይኼን ከማወቄ በፊት ስንት ዓመት ጠብሼ በልቻቸዋለሁ! አንቺ ደግሞ ካሜራም ዕውቀቱም አለሽ፤ ሐይቁም ደጅሽ ነው። ይኼን የምልሽ ሥራውን እንዳትተዪ ለመገፋፋት አይደለም። ስትወስኚ ምን ትተሽ እንደምትሄጂ እንድታውቂው ነው።

ወደ አያ እንመለስ። ከመሄድሽ በፊት ራስሽን ጥቂት ጠይቂ። ስትቀርጪያቸው ምን አልሻቸው? «ፊልም ላይ ይወጣሉ» ነው ወይስ «እንቀርጽዎታለን»? ቴሌቪዥን የሚለው ከየት መጣ? አንቺ ነሽ ያልሽው ወይስ ቤተሰቡ ነው የጨመረው? እነዚያን ሦስት ቀናት መረባቸውን አልጣሉም፤ ተከፈላቸው? ይቺን የመጨረሻዋን በደንብ አስቢባት። ለባለሙያው የውሎ አበል፣ ለጀልባው ነጂ ነዳጅና አበል ተቆርጦ ለአያ ሻይ ብቻ ከሆነ፣ ሀፍረትሽ ግማሹ ከዚያም ይመጣ ይሆናል።

ሌላም አለ። በቀረጻው ላይ ሊያስጠይቃቸው የሚችል ነገር ተናግረዋል? ለምሳሌ ዓሣው እንቁላል ሊጥል ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ስለ መዘርጋት፣ ወይም በብርብራ ፍሬ ዓሣ ስለ ማደንዘዝ? የዱሮ አስጋሪዎች እንዲህ ያለውን እንደ ቀልድ ያወሩታል። ካለ፣ ያ ክፍል ለማንም አይታይ፣ ለእሳቸው ካልሆነ በቀር። ምናልባት መቆረጡ የጠቀማቸው ቦታም ይኖር ይሆናል።

ከዚያ ሂጂ። በዚህ ሳምንት። ግንቦት አልቆ ዝናቡ ሳይገባ። ከሐይቁ የሚመለሱበትን ሰዓት ታውቂያለሽ፤ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ይመስለኛል፣ ዓሣቸውን ሸጠው ሲያበቁ። ዓሣ ተሸክመው ገዢ ሲጠብቁ አትሂጂባቸው። ስኳርና ቡና ይዘሽም አትሂጂ፤ ሌላ ጊዜ ይደርሳል። ስጦታ ይዘሽ ከሄድሽ እሳቸው አፍረው «ምንም አይደል» ይሉሻል፤ ነገሩም እዚያው ይቀበራል። ጎጃሜ ትልቅ ሰው በእጅ መንሻ ፊት እንዴት እንደሚሆን አንቺም ታውቂያለሽ።

መጀመሪያ ንገሪያቸው፤ ቀጥሎ አሳዪያቸው። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ። ፊልሙን ከፍተሽ በጀርባቸው እንዲደርሱበት አታድርጊ። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «አያ፣ ፊልሙ ጥቅምት ላይ ታይቷል። እርስዎ የተናገሩት አልገባም። እንዲወጣ ሲሉኝ አወጣሁት። ገና ነው ስልዎት የነበረው አፍሬ ነው።» አራት ዓረፍተ ነገር። በባለሙያው አታሳብቢ፤ «እንዲወጣ ሲሉኝ» ይበቃል። ብዙ አታስረጂ። ካለቀስሽ እሳቸው አንቺን ማጽናናት ይጀምራሉ፤ ያ ደግሞ ተራው አይደለም።

ምን እንደሚሉ አላውቅም። ሊስቁ ይችላሉ። «እኔማ ድሮም ገብቶኝ ነበር» ሊሉሽ ይችላሉ፤ ሰባት ወር ሙሉ የሚጠይቅ ሰው አንዳንዴ መልሱን አውቆ ነው። ሊቆጡም ይችላሉ። ከተቆጡ ተቀመጪ። መረባቸውን እየጠገኑ ዝም ካሉም ተቀመጪ።

ከዚያ ነው ላፕቶፑን የምትከፍቺው። አራቷን ሰከንድ ብቻ አይደለም። ያንን ማለዳ፣ ጥሬውን ቀረጻ፣ ከነስህተቱ። የተናገሩትን በራሳቸው ድምፅ ይስሙት። ለልጅ ልጃቸው የሚሆን ሁለት ደቂቃ ቆርጠሽ ስልክ ላይ ብትጭኚላቸው ደግሞ መልካም ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም በይ። ለራሳቸው ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ላይ መልቀቅ ሌላ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ ባለቤቱ ያዘዘው ወገን ነው። ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ። ውል ከሌለሽ (ልቤ የለሽም ይለኛል) ከፕሮጀክቱ ጋር ተነጋግረሽ በጽሑፍ ፈቃድ አግኚ። አያም ራሳቸው እንዲለቀቅ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠየቁ።

ሁለተኛውን ፊልም በተመለከተ፣ ወዲያው እምቢ አትበይ። ባለሙያውን አግኚው። እሱም ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ አዳራሹ ውስጥ የሥራ ባልደረቦቹ እንዳይስቁበት የፈራ ሰው ነው። ያቺን አስር ሰከንድና የሳህኗን ሐሳብ ሁለት ደቂቃ አድርገሽ አቀናብሪና ይዘሽ ሂጂ። በወሬ ከምትከራከሪው ይልቅ ይየው። «ፊልሙ የሚለው አያ ልክ ናቸው አይደለም፤ አያ ይኼን አሉ፣ እኛ ይኼን ለካን ነው» በይው። ብዙ ተመራማሪ ይቺን ሲሰማ ትከሻው ይወርዳል።

ከተስማማ አሁን በወረቀት ይሁን። ትረካው ቀረጻ ሳይጀመር ተጽፎ እሱ ይፈርምበት፤ ከዚያ በኋላ ማስተካከል የሚችለው የእውነታ ስህተትን ብቻ ነው። «አልወደድኩትም» የአንድ ዙር ዕድል ይኑራት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ክፍያ። ግማሹ ክፍያ ቅድሚያ፤ ያኔ የቤት ኪራይሽ በአንድ ሰው ፊርማ ላይ አይንጠለጠልም። ፊልሙ ላይ ለሚታዩ ሰዎች የቀን ውሏቸው በበጀቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ጥሬው ቀረጻ የማን እንደሆነም ይጻፍ። ድሮን ካስፈለገ ፈቃዱን የሚያወጣው ፕሮጀክቱ ይሁን፤ ያንን ጣጣ ብቻሽን አትግቢበት። ይኼን ስትጠይቂ «ይቺ ልጅ ከበደች» ይሉሽ ይሆናል። ይበሉ።

«አይ፣ ለምስል ብቻ ነው የምንፈልጋቸው» ካለስ? ያኔም ውሳኔው ያንቺ ብቻ አይደለም። ለአያ እንዳለ ንገሪያቸው፦ «ድምፅዎን አይፈልጉም፤ ታንኳ ሲገፉ ብቻ ነው፤ የቀኑ ይኼን ያህል ነው።» ምናልባት «እሺ፣ ለእኔ የቀን ሥራ ነው» ይሉሻል። ያም ክብር አለው፤ አውቀውት ገብተውበታልና። እምቢ ካሉ ግን ሌላ ሽማግሌ ፈልገሽ በእሳቸው ቦታ አታቁሚ። እሱን እኔም አልታገሥሽም።

ስለ ቅጥሩ። እናትሽ እውነት አላቸው፤ በየጥሩ እየተጠበቀ የሚኖር ኑሮ ያደክማል። አንድ ምሽት ወረቀት አውጥተሽ ያለፈውን ዓመት በወር በወር ጻፊው። ስንት ገባ፣ ስንቱ ከሰርግ፣ ስንቱ ከሳይንሱ፣ ስንቱ ሳይከፈል ቀረ። ሳይንሱ ጭራሽ የማያኖርሽ ከሆነ መቀጠር ሽንፈት አይደለም። መሥሪያ ቤቱን ግን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ከሥራ ሰዓት ውጭ የራሴን መሥራት እችላለሁ ወይ? በዓመት ፈቃዴ ክረምት ላይ ሦስት ሳምንት ማግኘት እችላለሁ ወይ? ዓሣው የሚወጣው ክረምት ነውና። ብቻ አንድ ነገር፦ መልሱን አያን ሳታገኚ አትስጪ። አሁን ብትቀጠሪ ከሥራው እየወጣሽ ይሁን ከዚያ መንገድ እየሸሸሽ ለራስሽም አይለይልሽም። ካገኘሻቸው በኋላ አሁንም መቀጠር ካማረሽ፣ ቢሮው ቢሮ ነው፣ ግቢ።

እናትሽንም በአንድ ነገር አሳርፊያቸው። የሠራሻቸውን ፊልሞች አይተዋል? «ሥራ አገኘሽ ወይ» የሚሉ ብዙ እናቶች ልጃቸው ቀኑን ምን ስታደርግ እንደምትውል አይተው አያውቁም።

በመጨረሻ ስለ ላፕቶፑ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ ውሃውም ያንጸባርቃል፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው የሚሆንብሽ። ሌሊቱን ቻርጅ አድርጊው፣ ብርሃኑን እስከ ጫፍ ጨምሪው። ያም ላይበቃ ይችላል፤ ቀረጻው ራሱ ጨለማ ነው ብለሻል። ዋርካው ሥር ጥላ ካጣሽ የአያን ጋቢ ለምኚና ለሁለታችሁ ተከናነቡበት። የልጅ ልጃቸው ከመጣች እሷም ትግባ።